የሥር ቦይ ርዝመትን በአፔክስ ሎኬተር በትክክል መለካት፦ ከድሬዳዋ ክሊኒክ የተጻፈ መመሪያ

አፔክስ ሎኬተር፣ ማለትም በሥር ቦይ ሕክምና ጊዜ የጥርሱን ሥር ጫፍ በኤሌክትሪክ የሚፈልገው ትንሽ ሳጥን፣ ርዝመት አይለካም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፋይሉ (ቦዩን የሚያጸዳው መርፌ መሰል ብረት) ጫፍ የጥርሱን ሥር ከከበበው እርጥብ አካል ጋር ምን ያህል እንደተቀራረበ። ሚሊ ሜትሩን የምንለካው እኛ ነን፤ በጎማ ማቆሚያ፣ በማስመሪያና በዓይናችን። «መሣሪያው ዋሸኝ» የሚል አቤቱታ ከሥራ ባልደረቦች በሰማሁ ቁጥር ነገሩ ሲጣራ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው ሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን ጥርሱ ውስጥ ነው። ተጠርጎ ያልወጣ ብስባሽ አለ፣ ፋይሉ ከብረት ሙሌት ጋር ተነካክቷል፣ ወይም የፐልፕ ክፍሉ (የጥርሱ ነርቭ የነበረበት ባዶ ቦታ) ቦዩን በምናጥብበት በረኪና ተጥለቅልቋል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግማሽ ያህሉ መሣሪያው ከመብራቱ በፊት ስላለው ሥራ ነው። የተጻፈው በድሬዳዋና በሐረር ክሊኒኮች ለሚሠሩ ወጣት የጥርስ ሐኪሞች ቢሆንም፣ ወንበሩ ላይ ተኝቶ ያ የሚጮኸው ነገር ምን እያደረገ እንደሆነ ማወቅ የሚሻ ታካሚም ሊያነበው ይችላል።

የምንፈልገው ነጥብ

የሥር ቦይ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ይጠብና እንደገና ጥቂት ሰፍቶ ይወጣል። ጠባቡን ቦታ የጫፍ መጥበቢያ፣ መውጫውን የጫፍ ቀዳዳ እንበላቸው። ማጽዳቱም መሙላቱም ማብቃት ያለበት መጥበቢያው አካባቢ ነው። ከዚያ ካጠረ የተበከለ ነገር እዚያው ይቀራል፤ ካለፈ ደግሞ ማጠቢያውና ጉታ ፐርቻው (የቦዩ መሙያ) ወደ አጥንቱ ይዘልቃሉ፣ ታካሚውም ሌሊቱን በሕመም ሲገላበጥ ያድራል።

ኩትለር እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው ጥናት በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በወጣቶች 0.5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ደግሞ ከ0.6 ሚሊ ሜትር በላይ መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱም ሥሩን የሚሸፍነው ሲመንተም ከዕድሜ ጋር እየተደረበ ይሄዳል። ሌላው ችግር ደግሞ ቀዳዳው አዘውትሮ ከሥሩ ሹል ጫፍ ላይ አለመገኘቱ ነው፤ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ይወጣል። ወደ ጉንጭ ወይም ወደ ምላስ በኩል ከወጣ ራጅ ላይ ፈጽሞ አይታይም፤ ራጅ ጠፍጣፋ ሥዕል ነውና። ኤሌክትሮኒክ መለኪያ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

የዛሬውን አሠራር ለመረዳት ወደ ኋላ ትንሽ መመለስ ይጠቅማል። በኤሌክትሪክ የመለካትን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1918 ያነሣው ከስተር ነበር። ጃፓናዊው ሱዙኪ በ1942 በውሻ ጥርስ ላይ ባደረገው ምርምር በቦዩ ውስጥ በገባው መሣሪያና በአፍ ውስጥ ሽፋን መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ የማይለዋወጥ መሆኑን አስተዋለ፤ ሱናዳ በ1962 ይህንኑ ይዞ 6.5 ኪሎ ኦም በምትባል የተቃውሞ ልክ ላይ የቆመ መለኪያ ሠራ። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ግን ደም፣ መግል ወይም ማጠቢያ ባለበት ቦይ ውስጥ ግራ ይጋቡ ነበር። «ከመለካትህ በፊት ቦዩን አጥንት አድርገህ አድርቅ» የሚለው የድሮ ምክር የመጣው ከዚያ ዘመን ነው። በ1991 ገደማ የወጣው የሞሪታ ኩባንያው ሩት ዜድኤክስ በሁለት ፍሪኩዌንሲ (የኤሌክትሪክ ንዝረት ፍጥነት)፣ በ0.4 እና በ8 ኪሎ ኸርዝ፣ እየለካ የሁለቱን ንጽጽር ስለሚያሰላ እርጥብ ቦይ አያስቸግረውም። እንዲያውም እርጥበት ይፈልጋል። ከዚያ ወዲህ የመጡት አብዛኞቹ መሣሪያዎችም ከአንድ በላይ ፍሪኩዌንሲ ይጠቀማሉ። የድሮውን ምክር በአዲሱ መሣሪያ ላይ የሚሠራ ሰው ታዲያ ራሱ ችግር እየፈጠረ ነው።

አንደኛ፦ መሣሪያውን ይፈትሹ

የመሣሪያውን ሁለት ሽቦዎች ጫፍ፣ ማለትም ከንፈር ላይ የሚሰቀለውን መንጠቆና ፋይሉን የሚይዘውን መቆንጠጫ፣ እርስ በርስ ያነካኩ። ማሳያው ወዲያውኑ እስከ መጨረሻው ሄዶ ካልጮኸ ሽቦው ተቆርጧል ወይም መጋጠሚያው ዝጓል። ይህ ጥቂት ሰከንድ የሚፈጅ ሙከራ ብዙ ንዝንዝ ያስቀራል። መንጠቆና መቆንጠጫ በተደጋጋሚ በአውቶክሌቭ ሲቀቀሉና በረኪና ሲነካቸው ይበላሻሉ፤ የሚገናኙበትን ቦታ በአልኮል ጠረግ ማድረግ ብቻ የሚያድናቸው ጊዜ ብዙ ነው።

ባትሪው ሙሉ ይሁን። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ማታ ላይ ሰክቶ መሄድን ልማድ ማድረግ ይሻላል፤ በሚለኩበት ጊዜ ግን ቻርጀሩን ይንቀሉ።

ማጠቢያውንም እዚሁ ላይ ላንሣው። ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ ማለትም በረኪናችን፣ ሙቀትና ብርሃን ያዳክሙታል። የድሬዳዋን የሰኔ ከሰዓት በኋላ የሚያውቅ ሰው መስኮት ሥር የተቀመጠ ጠርሙስ ምን እንደሚደርስበት መገመት አያቅተውም። ጥቁር ጠርሙስ፣ ጨለማ ቁም ሣጥን፣ ከተቻለም ማቀዝቀዣ። የደከመ በረኪና ልኬቱን ባያበላሽ እንኳ ፋይሉ የሚያልፍበትን ብስባሽ ስለማያሟሟ ሥራውን ከመነሻው ያበላሸዋል።

ሁለተኛ፦ ታካሚውን ያነጋግሩ

የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ሰው መሆኑን ይጠይቁ። አዳዲሶቹ መቆጣጠሪያዎች በአፔክስ ሎኬተር እንደማይታወኩ ያሳዩ ጥናቶች ቢኖሩም የአምራቾች መመሪያ ብዙውን ጊዜ ያስጠነቅቃል፤ ከልብ ሐኪሙ ጋር ሳይነጋገሩ አይጀምሩ።

መንጠቆው ከንፈር ላይ ሲሰቀል ብዙ ሰው ይደነግጣል። ሽቦውን ያዩ አንዲት እናት «ልጄ፣ ኮረንቲ ሊይዘኝ ነው እንዴ?» ቢሉ በሳቅ ማለፍ ነውር ነው። «አይ እማማ፣ ኃይሉ እጅግ ትንሽ ነው፤ ምናልባት ፋይሉ ጫፍ ሲደርስ ቁንጥጥ ካደረገዎት እጅዎን ያንሡልኝ» ብሎ ማስረዳት ይበቃል። ማደንዘዣው በደንብ ከያዘ ያንኑም አይሰሙትም።

አንድ የአገራችን ጉዳይ አለ። ከምሳ በኋላ ጫት ሲቅም ቆይቶ የመጣ ሰው አፉ ደረቅ ነው። ከደረቀ ከንፈር ጋር የተገናኘ መንጠቆ ደግሞ የኤሌክትሪኩን መንገድ ያቆራርጠዋል፤ ማሳያው ላይ ያለው መስመር ወጣ ገባ ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መንጠቆው የሚያርፍበትን ቦታ በእርጥብ ጥጥ ያርጥቡ፣ መንጠቆውንም ከሚታከመው ጥርስ በተቃራኒ በኩል ይስቀሉ። እኔ ግን የሥር ቦይ ቀጠሮን ጠዋት ላይ ማድረግን እመርጣለሁ። በርጫው ሳይጀመር የመጣ ታካሚ አፉን ከፍቶ የመቆየት ትዕግሥቱም የተሻለ ነው።

ሦስተኛ፦ ከራጁ ግምት ይውሰዱ

ፊልሙን ወይም ሴንሰሩን ከጥርሱ ጋር ትይዩ አድርገው መነሻ ራጅ ያንሡ። ከዘውዱ እስከ ሥሩ ጫፍ ለክተው 1 ሚሊ ሜትር ይቀንሱ፤ ይህ የግምት ርዝመት ነው። ከአማካዩ ጋርም ያስተያዩት፤ የታች የመጀመሪያ መንጋጋ ብዙውን ጊዜ 21፣ የላይ ክራንቻ ከ26 እስከ 27 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ለክራንቻ 21 ሚሊ ሜትር ፋይል ይዞ የተቀመጠ ሰው ከጅምሩ ተሸንፏል፤ 25 ወይም 31 ያዘጋጁ።

ይህን ግምት መዝለል የሚወዱ አሉ፤ መሣሪያው ስለሚነግረኝ ምን ያደርግልኛል ይላሉ። የሚያደርግላቸው ይህን ነው፦ መሣሪያው በ14 ሚሊ ሜትር ላይ «ደርሰሃል» ሲላቸው አንድ ነገር እንደተበላሸ የሚያውቁት ከግምቱ ጋር ሲያስተያዩ ብቻ ነው።

አራተኛ፦ ብረቱን፣ ብስባሹንና ምራቁን ያስወግዱ

የትክክለኛነቱ ትልቁ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። ኤሌክትሪክ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። በሥሩ ጫፍ በኩል ብቻ እንዲያልፍ ከፈለግን ሌላውን በር ሁሉ መዝጋት አለብን።

በሐረርም በድሬዳዋም በተለይ ዕድሜያቸው ከፍ ባሉ ሰዎች ዘንድ ወርቅ የለበሰ ጥርስ እንግዳ ነገር አይደለም። የብረት ክራውን (ጥርስ ላይ የሚለበስ ሽፋን) እና የቆየ አማልጋም (የብረት ሙሌት) ደግሞ የዕለት ተዕለት ነው። ፋይሉ ብረቱን ከነካ፣ ብረቱም ከድዱ ጋር ከተያያዘ፣ ኤሌክትሪኩ በድዱ በኩል ዞሮ ይመለሳል፤ መሣሪያው ፋይሉ ገና ቦዩ አፍ ላይ እያለ «ጫፍ ደርሰሃል» ብሎ ይጮኻል። አማልጋሙን ሙሉ በሙሉ ያውጡት። ክራውኑን ማውለቅ ካልተቻለ በላዩ የተከፈተውን መግቢያ ሰፋ አድርገው ፋይሉ በመካከል እንዲወርድ ያድርጉ፤ የፋይሉን የላይኛ ክፍል በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ መሸፈንም ይረዳል።

ብስባሹ ከድድ በታች ወርዶ ግድግዳው ከጠፋ ምራቅና ደም ይገባሉ፤ ያም ያው ነው። በመጀመሪያ ግድግዳውን በኮምፖዚት ወይም በግላስ አዮኖመር ይገንቡ፣ ራበር ዳም (ጥርሱን ከአፉ የሚለይ የጎማ ሽፋን) ያስሩ፣ ከዚያ ይለኩ። ጊዜ ይፈጃል፤ አዎ። ግን ራበር ዳም ሳይታሰር የሚገኝ ልኬት ላይ እኔ እምነት የለኝም፤ በረኪናው ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ መከላከሉም ሌላ ምክንያት ነው።

በጫት፣ በጠንካራ ምግብ ወይም ጥርስ በማፋጨት የተበላ ጥርስ ደግሞ ሹሉ ተሰባሪ ይሆናል። ማቆሚያው የሚያርፍበት ጫፍ በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ከተሰበረ የመዘገቡት ርዝመት ዋጋ ያጣል። ደካማውን ጫፍ ከመለካትዎ በፊት ቀንሰው ጠፍጣፋ ያድርጉት።

አምስተኛ፦ የላይኛውን ሲሶ ያስፉ፣ ከዚያ ያጥቡ

የቦዩ የላይኛ ክፍል ጠባብ ከሆነ ፋይሉ ጎንና ጎኑ ተይዞ ጫፉ ላይ የሚሰማዎትን ያሳጣዎታል። አፉንና የላይኛውን ሲሶ በመክፈቻ ፋይል ካሰፉ በኋላ የሚወሰድ ልኬት የበለጠ የተረጋጋ ነው፤ በኋላም ያን ያህል አይለዋወጥም። በተጠማዘዘ ቦይ ላይ ይህ ግዴታ ነው እላለሁ።

ቦዩን ያጥቡ። ከዚያ በፐልፕ ክፍሉ ወለል ላይ የተጠራቀመውን ማጠቢያ በመምጠጫ ወይም በጥጥ ያንሡ፤ ቦዩ ውስጥ ያለውን ግን ይተዉት። ለዓይን የሚታየው ምልክት ይህ ነው፦ ወለሉ ደብዘዝ ያለና ደረቅ ሆኖ በእያንዳንዱ ቦይ አፍ ላይ አንዲት የሚያብረቀርቅ ነጥብ ትታያለች። የአንዱ ቦይ እርጥበት ከሌላው ጋር ከተገናኘ መሣሪያው የቱን እንደሚለካ አያውቅም። ቦዩ ፈጽሞ ከደረቀ ደግሞ ማሳያው ከመነሻው አይንቀሳቀስም፤ አንድ ሁለት ጠብታ ጨምረው ይሞክሩ።

ስድስተኛ፦ ልኬቱን ይውሰዱ

ለቦዩ የሚስማማ ፋይል ይምረጡ። በጠባብ ቦይ 10 ወይም 15 ቁጥር ይበቃል፤ በሰፊ ቦይ ውስጥ ግን የሚንሳፈፍ ቀጭን ፋይል ትክክለኛ ንባብ አይሰጥምና ጫፉ ላይ ያዝ የሚያደርገውን ይያዙ። መቆንጠጫውን ከእጀታው በታች ባለው ብረት ላይ ያድርጉ።

ፋይሉን በቀስታ፣ ወዲያና ወዲህ በትንሹ እያዞሩ ያውርዱ። መስመሩ ሲወርድ ያዩታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማሳያው ላይ የተጻፉትን 2፣ 1፣ 0.5 የሚሉ ቁጥሮች ሚሊ ሜትር አድርጎ በማንበብ ነው። ሚሊ ሜትር አይደሉም፤ የቅርበት ምልክት ብቻ ናቸው። «1» ላይ አቁመው «1 ሚሊ ሜትር ቀርቶኛል» ብለው መዝገብ ላይ አይጻፉ።

መሣሪያው አስተማማኝ የሚሆነው ጫፉ ላይ ነው። ስለዚህ «አፔክስ» ወይም 0.0 እስኪል ድረስ በቀጭኑ ፋይል ይሂዱ፤ ጥቂት አልፎ የማስጠንቀቂያው ድምፅ ሲቀየር ይመለሱና በዜሮው ላይ ያርፉ። መስመሩ ቢያንስ አምስት ሰከንድ ሳይንቀጠቀጥ መቆም አለበት። ማቆሚያውን ልኬቱ ወደሚነሣበት የዘውዱ ጫፍ ያውርዱ፤ ከፋይሉ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራቱን ይመልከቱ፤ ያጋደለ ጎማ ብቻውን ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሰርቃል። አውጥተው በማስመሪያ ለክተው 0.5 ሚሊ ሜትር ይቀንሱ። ይህ የሥራ ርዝመትዎ ነው።

አንዴ ለክቶ መተው የለም። እንደገና አስገብተው ይድገሙት። ሁለቱ ልኬቶች በ0.5 ሚሊ ሜትር ውስጥ ካልተገናኙ ወደ አራተኛው እርምጃ ይመለሱ።

በታች የመጀመሪያ መንጋጋ ላይ እንየው። የፊተኛው ሥር የጉንጭ በኩል ቦይ በራጅ ግምት 20 ሚሊ ሜትር ነው። 15 ቁጥር ፋይል በ20.5 ላይ ዜሮ ይላል፤ ሲደገምም 20.5። የሥራ ርዝመቱ 20 ሆነ። የኋለኛው ሥር ቦይ ግን በ16 ላይ ይጮኻል፤ ግምቱ 19.5 ነበር። ወደ ውስጥ ሲታይ በኋላ ግድግዳ ላይ የቀረ የአማልጋም ቁራጭ ፋይሉን ይነካል። ቁራጩ ይወገዳል፣ ወለሉ ይደርቃል፣ ንባቡም 19.5 ላይ ይረጋጋል። አብዛኛው «የመሣሪያ ስሕተት» ይህን ይመስላል።

ሰባተኛ፦ በራጅ ያረጋግጡ

የአውሮፓ የኢንዶዶንቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ የኤሌክትሮኒኩ ልኬት በራጅ እንዲረጋገጥ ይመክራል። በጥናቶች ላይ ዘመናዊዎቹ መሣሪያዎች ከ0.5 ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ልዩነት ትክክል የሚሆኑበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 በመቶ በላይ ነው። ይህ ጥሩ ውጤት ነው፤ ሆኖም የቀረው ጥቂቱ የእርስዎ ታካሚ ሊሆን ይችላል።

ለራጁ ቢያንስ 15 ቁጥር ፋይል ይጠቀሙ፤ የቀጭኖቹ ጫፍ በፊልም ላይ ደብዝዞ ይጠፋል። ሁለት ቦዮች ከተደራረቡ የራጁን ቱቦ ወደ ጎን ዘንበል አድርገው ያንሡ።

ራጁና መሣሪያው ካልተስማሙስ? የምከተለው ደንብ ይህ ነው፤ ራጁ ፋይሉ ከሥሩ ወጥቷል ካለ ወጥቷል፣ ክርክር የለውም፤ ያሳጥሩ። ራጁ ፋይሉ አልደረሰም ካለ ግን ማስረጃው ያን ያህል ጠንካራ አይደለም፤ ቀዳዳው ወደ ጉንጭ ወይም ወደ ምላስ ዞሮ የወጣ ሊሆን ይችላል። ጉድለቱ እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሆኖ የመሣሪያው ንባብ የተረጋጋና የሚደገም ከሆነ መሣሪያውን አምናለሁ። ከዚያ በላይ ከራቀ የጎን ቦይ፣ የተበሳ ግድግዳ ወይም የተሰነጠቀ ሥር መኖሩን መጠርጠር ያስፈልጋል። በተለይ ፋይሉ በገባ ቁጥር በዚያው ጥልቀት ላይ በድንገት ዜሮ የሚል፣ ደምም የሚያሳይ ከሆነ ግድግዳው መበሳቱን እየነገረዎት ነው።

በላይ መንጋጋዎች ላይ የጉንጭ አጥንት ጥላ የሥሮቹን ጫፍ ሲሸፍን፣ ወይም ታካሚዋ ነፍሰ ጡር ሆና የራጁን ቁጥር መቀነስ ሲፈለግ፣ ይበልጥ የሚታመነው መሣሪያው ነው። ያኔ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ያሉት እርምጃዎች በእጥፍ ጥንቃቄ መሠራት አለባቸው።

ስምንተኛ፦ በሥራው መካከል እንደገና ይለኩ

ቦይ ሲቀረጽ ጥምዝምዙ እየቀና ስለሚሄድ መንገዱ ያጥራል። ከላይ ባለው ምሳሌ 20 የነበረው ቦይ ቀረጻው ሲያልቅ 19.5 ሊሆን ይችላል። ከመሙላትዎ በፊት እንደገና ለክተው ያስተካክሉ፤ የማድረቂያ ወረቀትም ይመስክር፤ ወረቀቱ ጫፉ ላይ ብቻ ደም ይዞ ከወጣ ቀዳዳውን አልፈዋል። ሞተሩ ውስጥ መለኪያ የተገጠመለት መሣሪያ ካለዎት ሥራውን ያቀልላል፤ ግን የመጀመሪያውን ልኬት በእጅ ፋይል መውሰድን እመክራለሁ፤ ጣት የሚሰማውን ሞተር አይሰማም።

መዝገብ ላይ አራት ነገር ይጻፉ፦ ቦዩን፣ ማቆሚያው ያረፈበትን ጫፍ፣ ርዝመቱንና የፋይሉን ቁጥር። «20» ብቻ የተጻፈበት ካርድ ለሚቀጥለው ቀጠሮም፣ ታካሚውን ለሚረከበው ሐኪምም ምንም አይነግርም።

መሣሪያው ብቻውን የማይበቃበት

ሥሩ ገና ያልተዘጋ የልጅ ጥርስ መጥበቢያ የለውም፤ ንባቡ አጥሮ ይወጣል። በመቆጣት ጫፉ የተበላ ሥርም እንዲሁ ነው። በእነዚህ ላይ ሰፊ ፋይል፣ ራጅና ጫፉ ላይ የታጠፈ የማድረቂያ ወረቀት በአንድነት ያስፈልጋሉ። ቀድሞ የተሞላ ቦይ እንደገና ሲታከም አሮጌው ጉታ ፐርቻ ኤሌክትሪኩን ስለሚከለክል ተጠርጎ እስኪወጣ ድረስ መለካት ትርፉ ድካም ነው። ዕድሜ የደፈነው ቦይም ዝም ይላል፤ እሱን በትንሹ ፋይል፣ በማለስለሻና በትዕግሥት ከፍተው ጫፉ ላይ ሲደርሱ ብቻ መሣሪያውን ያብሩ።